የሽንት ጨርቅ ከአሮጌ ነጠላ ይጀመራል



ውድ አንባቢያን፤ በዚህ ወር ዓምዳችን የምናነሣው ጉዳይ ለአንዳንድ ወንድሞች ጥቃቅን ነገር መስሎ ሊታይ ይችላል። ጉዳዩ የሽንት ጨርቅ ነው። አዲስ ልጅ የገባበት ቤት ሁሉ እንደሚያውቀው ግን ይህ ጥቃቅን የተባለ ነገር በቀን አሥር ጊዜ ይመጣል፤ የአባትን ኪስ፣ የቤቱን ውኃና የእናትን ጉልበት ይነካል፤ ከሶላት ንጽሕናም ጋር ይያያዛል። ስለዚህ በወጉ ልንነጋገርበት ይገባል።

ምሳሌያችንን ከላስታ እንውሰድ። ከላሊበላ ከተማ በላይ፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ወገብ ላይ፣ ከዓለት የተፈለፈለችው አሸተን ማርያም ትገኛለች። ዳገቱን በእግሩ ወይም በበቅሎ የወጣ ሰው የዚያን አገር ኑሮ ይረዳዋል። ሌሊቱ ብርድ ነው፤ ውኃ በጀሪካን እየተቀዳ በጀርባ ይወጣል፤ ከሱቅ የሚገዛ ነገር ሁሉ ከታች ይመጣል። በከተማው ያለው ሙስሊም ነጋዴም ሆነ በዳገቱ ያለው ክርስቲያን ገበሬ ሕፃን ሲወለድለት ችግሩ አንድ ነው።

የከተማው ኑሮ በእንግዳ ላይ የቆመ መሆኑም ይታወቃል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና እንግዳውን አስቀረ። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያና በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ላሊበላ ደረሰ። የአስጎብኚውም፣ የሆቴል ሠራተኛውም፣ የባለ ሱቁም ገቢ ተናጋ። እንዲህ ባለ ጊዜ ፈጥኖ የሚወደደውና ከመደርደሪያ የሚጠፋው ከሩቅ የሚመጣ ዕቃ ነው፤ ዳይፐርም ከዚያው ወገን ነው። በሣጥን የተቀመጠች አሮጌ ነጠላ ግን መንገድ ቢዘጋም አትጠፋም።

ሒሳቡን እንሥራ

ዳይፐር ሐራም ነው የሚል የለም። ለመንገደኛ፣ ለታመመ ልጅ፣ ውኃ ለተቋረጠበት ቀን ትልቅ እገዛ ነው። ጥያቄው ለዘወትር ይቻለናል ወይ የሚለው ነው። ልጁ በቀን 5 ዳይፐር ቢጠቀም በወር 150፣ በ2 ዓመት 3,650 ይሆናል። በየሠፈራችሁ ያለውን የአንዱን ዋጋ በዚህ ቁጥር አባዙትና ባልና ሚስት አብራችሁ ተመልከቱት። ከዚያ ቀጥሎ የ24 ጨርቅን፣ የሳሙናንና የውኃን ወጪ በሌላ ወረቀት ጻፉ። ልዩነቱ የእንቁላል፣ የወተት ወይም የታላቁ ልጅ ደብተር ገንዘብ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

አንዲት እህት፣ «ጨርቅ የድሃ ነው፤ ጎረቤት ምን ይለኛል?» ልትል ትችላለች። ዘመናዊው ፓምፐርስ ገበያ ላይ የዋለው በ1961 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የሀብታሙም የድሃውም ልጅ ያደገው በጨርቅ ነው። ከአቅም በላይ ወጥቶ ለሰው ዓይን መኖር ኢስራፍ እንደሆነ ሁሉ፣ ለልጅ ንጽሕና የሚያስፈልገውን መሰሰትም ስስት ነው። መንገዱ መካከለኛው ነው።

ጨርቁን መምረጥ

ለሽንት ጨርቅ የሚሆነው ጥጥ ነው። በብዙ እጥበት የለሰለሰ አሮጌ ነጠላ ከሁሉ ይሻላል፤ ለስላሳ ነው፣ ፈጥኖ ይመጣል፣ ፈጥኖ ይደርቃል። ያረጀ ጋቢ ወፍራም ስለሆነ ለመሐሉ ንጣፍ ይጠቅማል። አሮጌ አንሶላም ጥሩ ነው። በቅዳሜ ገበያ ከሰልባጅ መካከል የጥጥ ካናቴራ መርጦ መግዛት ይቻላል። አዲስ አቡጀዲ የምትገዙ ከሆነ ግን ልጁ ከመወለዱ በፊት ደጋግማችሁ እጠቡት፤ አዲስ ጥጥ ካልታጠበ ውኃ አይመጥም።

ጨርቁ ጥጥ መሆኑን ለማወቅ አንድ ክር መዝዛችሁ አቃጥሉት። እንደ ወረቀት ሸትቶ አመድ ከሆነ ጥጥ ነው። ቀልጦ እንደ ዶቃ ከደረቀ ናይሎን ወይም ፖሊስተር ነው፤ እርሱ ሽንት አይመጥምና ተዉት።

አቆራረጡ ቀላል ነው። ርዝመቱም ወርዱም 70 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም አንድ ክንድ ተኩል ገደማ የሆነ አራት ማዕዘን ቁረጡ፤ ጠርዙን ስፉት። ለመሐሉ ከጋቢው 35 በ15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ንጣፍ በሁለትና በሦስት ድርብ ስፉ። አራት ማዕዘኑን በሰያፍ አጥፋችሁ ሦስት ማዕዘን ታደርጉታላችሁ፤ ንጣፉን መሐሉ ላይ ታስቀምጣላችሁ፤ ረጅሙን ጎን ከወገብ በታች ታነጥፋላችሁ፤ ጫፉን በእግሮቹ መካከል አምጥታችሁ ሦስቱን ጫፎች እምብርት ሥር ታገናኛላችሁ። እትብቱ ገና ካልወደቀ ጨርቁ ከእትብቱ በታች ይሁን።

ማያያዣው መርፌ ቁልፍ ከሆነ፣ ሲወጉ የራስን ሁለት ጣት በጨርቁና በልጁ ገላ መካከል ማስገባት ግዴታ ነው። የመርፌው ጫፍ በደረቅ ሳሙና ላይ ቢወጋ ጨርቁን በቀላሉ ያልፋል። መርፌ የሚያስፈራችሁ ከጨርቁ ጠርዝ በተረፈ ቅዳጅ እሰሩት። እሥሩ ሁለት ጣት የሚያስገባ ይሁን፤ የልጁም እግሮች እንደ ልባቸው ይታጠፉ፣ ይከፈቱ። እግርን ዘርግቶ አጥብቆ መጠቅለል የዳሌን መገጣጠሚያ ይጎዳል።

ስንት ያስፈልጋል? አራስ ልጅ በቀን ከ10 እስከ 12 ጊዜ ይለወጥለታል። በየቀኑ ለሚያጥብ ቤት 24 ይበቃል። ክረምት በላስታ ፀሐይ በሚጠፋበት ወቅት 36 ቢሆን ይሻላል። ሁሉን በአንድ ቀን አሟሉ አላልንም። በ6 ጀምሩ፤ ቀን ቀን ቤት ስትሆኑ ተጠቀሙበት፤ እጃችሁ ሲለምድ ጨምሩ።

ከላይ የሚለበሰውን በሚመለከት፣ ፌስታል በልጅ ወገብ ላይ ማሰር ፈጽሞ አይገባም። ላብና ሽንት አፍኖ ገላን ያቆስላል፤ ልጁ ፊቱ ላይ ካደረገውም ትንፋሽ ያሳጣል። በብርድ አገር የሚሻለው ከአሮጌ የሱፍ ሹራብ የተሠራ ሱሪ ነው። ሱፍ እርጥበት ይዞ ሙቀቱን አይለቅም። በአንቀልባ ስታዝሉትም ጀርባችሁን ይጠብቃል።

አጠባውና ጦሃራው

ሰገራ የነካው ጨርቅ መጀመሪያ መጸዳጃ ጉድጓድ ላይ ይራገፍ። የሕፃን ሰገራ ምንም አያደርግም የሚለው አነጋገር ትክክል አይደለም፤ በሽታ ያስተላልፋል። ትራኮማን ከዓይን ወደ ዓይን የሚያዛምተው ዝንብ የሚራባውም ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ሰገራ ነው። የአማራ ክልል ደግሞ በትራኮማ እጅግ ከተጠቁት አካባቢዎች አንዱ ነው።

ከዚያ በቀዝቃዛ ውኃ ማለቅለቅ፣ በሳሙና ማሸት፣ ከዚያም ሳሙናው እስኪጠፋ ማጥራት ነው። ሳሙና በጨርቅ ላይ ከቀረ ገላን ያሳክካል። ውኃ በጀሪካን ለሚቀዳ ቤት የቀኑ ጨርቅ አንድ ላይ ቢታጠብ ይበጃል። የመጨረሻው ማጥሪያ ውኃ ለነገው የመጀመሪያ ማለቅለቂያ ቢቀመጥ ቁጠባ ነው፤ ባልዲው ግን ልጅ እንዳይገባበት ይከደን።

ለሶላት ንጽሕና ሲባል ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። በሻፊዒይ መዝሀብ ውኃው ጥቂት ሲሆን ነጃሳው ያለበትን ጨርቅ ሳፋ ውስጥ ከመንከር ይልቅ ውኃው በጨርቁ ላይ መፍሰስ አለበት። ስለዚህ ነጃሳው በዓይን፣ በሽታና በቀለም ከለቀቀ በኋላ፣ ንጹሕ ውኃ በማንቆርቆሪያ ከላይ እያፈሰሱ መጭመቅ ነው። በሐነፊይ መዝሀብ ደግሞ የማይታየው ነጃሳ ሦስት ጊዜ እየታጠበ በየጊዜው ይጨመቃል። እንዲሁም በሻፊዒዮች ዘንድ ሁለት ዓመት ያልሞላውና ከወተት በቀር ምግብ ያልጀመረ ወንድ ልጅ ሽንት የነካው ልብስ፣ ውኃ በደንብ ቢረጭበት ይበቃል፤ የሴት ልጅ ሽንት ግን ይታጠባል። በሐነፊዮች ዘንድ የሁለቱም ይታጠባል። ወሎ ሁለቱም መዝሀብ ያለበት አገር ነውና የየአካባቢያችሁን ዓሊም ጠይቁ። እናት ለሶላት ብቻ የምትለብሰው አንድ ልብስ ለብቻው ቢሰቀልላት ደግሞ ብዙ ጭንቀት ይቀርላታል።

ሳሙና ሲወደድ እናቶቻችን የሚያውቁት እንዶድ አለ። ፍሬው ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ በውኃ ሲዘፈዘፍ አረፋ ያወጣል፤ ነጭ ልብስም ያነጣል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በዓድዋ፣ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት በታች በወንዙ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው የቢልሃርዝያን ተሸካሚ የሚገድል መሆኑን ደረሱበት። በ1989 እ.ኤ.አ. ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ለዚህ ሥራቸው ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። ቀንድ አውጣን የሚገድል ነገር ዓሣንም ይገድላልና እጣቢውን ወደ ምንጭና ወንዝ አትልቀቁ። ዓይን እንዳይነካ፣ ልጅም ፍሬውን እንዳይቀምስ ተጠንቀቁ፤ ጨርቁንም አጥብቃችሁ አጥሩት።

ማድረቂያው ፀሐይ ነው፤ የደጋ ፀሐይ ጠንካራ ስለሆነ ነጭ ጨርቅን ያነጣል። በገመድ ላይ እንጂ በሣርና በአጥር ላይ አታስጡ። በክረምት ከምድጃው ራቅ አድርጋችሁ ስቀሉት፤ እርጥበት የቀረውን በካውያ ተኩሱት። የከሰል ካውያ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ግን አይቀጣጠል።

በእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2008 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት ዳይፐርና የሚታጠብ ጨርቅ በአየር ላይ የሚያደርሱት ጉዳት ተቀራራቢ መሆኑን አሳይቷል። ምክንያቱ እነርሱ በሞቀ ውኃና በኤሌክትሪክ ማድረቂያ ስለሚጠቀሙ ነው። ጨርቁን ደጅ የሚያሰጣና ለሁለተኛው ልጅ የሚያስቀምጥ ቤተሰብ ግን ጉዳቱን በ40 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ያ እንግዲህ የእናቶቻችን የዘወትር ልማድ ነው።

የልጁ ገላ

ቀን በየሁለትና በየሦስት ሰዓቱ፣ ሰገራ ሲኖር ደግሞ ወዲያው ለውጡለት። በለብታ ውኃ አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ጥቂት ጊዜ ራቁቱን አየር ይንካው። ቅቤ መቀባት የለመደ ቤት፣ ቅባቱ ጨርቁን ሽንት እንዳይመጥ እንደሚያደርገው ይወቅ። ብሽሽቱ ቀይ ሆኖ፣ ዙሪያው ነጠብጣብ አውጥቶ በሦስት ቀን ካልተሻለው፣ ወይም ከቆሰለና ከተኮሰ ወደ ጤና ኬላ ውሰዱት።

ጨርቅ ሌላም ጥቅም አለው፤ ይቆጠራል። ጡት የሚጠባ ልጅ ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ በቀን ቢያንስ 6 ጨርቅ ማርጠብ አለበት። ከዚያ ካነሰ ወተቱ አልበቃውም ይሆናልና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን አማክሩ።

ለአባቶች አንድ ቃል

ወንድሞች ሆይ! ጨርቅ ርካሽ ነው ስንል ዋጋውን የሚከፍል ሰው የለም ማለታችን አይደለም። ገንዘቡ ከእናንተ ኪስ ሲቀር ድካሙ ወደ እናቲቱ ወገብ ይሄዳል። አራስ ሴት ጀሪካን ተሸክማ፣ ሳፋ ላይ ጎንብሳ የምታተርፈው ገንዘብ ቁጠባ አይባልም፤ ብድር ነው፤ የሚከፈለውም ከጤናዋ ነው። ስለዚህ በጨርቅ እንጠቀም ብሎ የወሰነ አባወራ ውኃውን ራሱ ይቅዳ፤ ቢያንስ በሳምንት ሁለት ቀን ራሱ ይጠብ፤ ከዳይፐር የተረፈውንም ገንዘብ በመጀመሪያ ለሚስቱ ምግብ ያውለው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በቤታቸው ቤተሰባቸውን በሥራ ያግዙ እንደነበር ሁላችንም ተምረናል። የሽንት ጨርቅ ማጠብ ከማዕረጋችን አይቀንስም።

ወጣቶችም ብትሆኑ ታናሽ ወንድም ወይም እህት ሲወለድ ከትምህርት መልስ አንድ ጀሪካን ውኃ ማምጣት፣ ገመድ መወጠር፣ የደረቀውን ማጠፍ አይከብዳችሁም። ነገ የራሳችሁን ቤት ስትመሠርቱ ሥራውን ለምዳችሁ ትገኛላችሁ።

አላህ ልጆቻችንን በጤና ያሳድግልን።