የታመመ ዐፈር በከሰልና በብስባሽ ሲታከም

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንዲት የቤት እመቤት በጓሯቸው ስላለችው ጥቂት መሬት ምክር ጠየቁን። መሬቲቱ ቀድሞ የመኪና ባትሪ የሚጠገንባት ቦታ ነበረች፤ እሳቸው ግን ይህን ያወቁት ሁለት ክረምት ያህል ጎመንና ቆስጣ ተክለው ልጆቻቸውን ከመገቡ በኋላ ነው። «ከሰልና ብስባሽ ዐፈርን ያድናል ሲሉ ሰማሁ፤ እውነት ነውን? ልጆቼንስ ከዚያው ልመግብ?» አሉን። ጥያቄው የብዙ ቤተ ሰብ ጥያቄ ሊሆን ስለሚችል በዚህ ዐምድ ልንመልስ ወደድን።

አስቀድመን የበሽታውን ጠባይ እንመልከት። በመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው እርሳስና አሲድ ነው። ቅጠል ቢወድቅ ይበሰብሳል፤ ፍግም ቢጣል ዐፈር ይሆናል፤ እርሳስ ግን አይበሰብስም፤ ዘመን ቢቈጠርም ከወደቀበት ዐፈር አይጠፋም። በዓይንም አይለይም፤ ጎመኑ ለምልሞ እየታየ ጕዳቱን ተሸክሞ ወደ ማዕድ ሊቀርብ ይችላል። እርሳስ የልጅን የአእምሮ ዕድገት የሚያጓድል በመሆኑ፥ የዓለም ጤና ድርጅት ጕዳት እንደማያደርስ የታወቀ መጠን የለውም ሲል ያስታውቃል። ነገሩም የአንዲት ጓሮ ብቻ አይደለም፤ በአዲስ አበባ በአቃቂ ወንዝ ውሃ የሚለሙትን አትክልቶች የመረመሩ ሊቃውንት እንደ ክሮሚየም፥ ካድሚየምና እርሳስ ያሉትን ማግኘታቸውን ጽፈዋል።

እንግዲህ ስለ መድኃኒቱ እንናገር። ሊቃውንቱ ባዮቻር የሚሉት፥ እንጨት ወይም የቡና ገለባ አየር እንደ ልብ በማያገኝበት ምድጃ ሲከስል የሚገኘው ከሰል ነው። ይህ ከሰል በአጕሊ መነጽር ቢታይ እንደ ጤፍ እንጀራ ዓይኑ የበዛ ነው፤ በእነዚያም ዓይኖች ገጽ ላይ እርሳስና ካድሚየም ተጣብቀው ይያዛሉ። ከዚህም ሌላ የዐፈሩን ኮምጣጣነት ይቀንሳል፤ ኮምጣጣነቱ ሲቀንስ እነዚህ ብረቶች በውሃ እንደ ልብ አይሟሙም፤ ያልሟሟውንም ሥር በቀላሉ አይስበውም። ብስባሹ በበኩሉ በውስጡ ባለው ፎስፎረስና በጥቍሩ ለም አካል እርሳሱን ያስራል፤ ለዐፈሩም ነፍሳት ምግብ ይሆናል። አንዱ ያስራል፤ ሁለተኛው ደግሞ እያሰረ ይመግባል፤ ስለዚህ ሁለቱ ተባብረው ሲሠሩ መልካም ነው።

በአሜሪካ በኮሎራዶ ግዛት፥ በአስፐን ከተማ አጠገብ ሆፕ የሚባል የተተወ የብር ማዕድን ጕድጓድ አለ። ከጕድጓዱ የወጣው ጭቃና ድንጋይ የተከመረበት ገደላማ ቦታ ለብዙ ዓመታት ራቍቱን ቆሞ፥ ከበታቹ ለሚያልፈው ወንዝ ሥጋት ሆኖ ነበር። በ2010 እ.ኤ.አ. ባዮቻር፥ ብስባሽና የሣር ዘር ተደባልቆ ተበተነበት፤ ሣሩም በቀለ። ሣር የያዘውን ዐፈር ጎርፍ እንደ ቀድሞው ጠርጎ አይወስደውም።

ነገር ግን ልብ እንበል፤ እርሳሱ ታሰረ እንጂ አልወጣም። በሣር የተሸፈነ ተራራና ልጅ የሚበላበት ጓሮ አንድ አይደሉም። ደግሞም ለሁሉ መርዝ አንድ መድኃኒት የለም፤ ዐፈሩ አርሴኒክ ያለበት ከሆነ፥ ኮምጣጣነቱን መቀነስ እርሳሱን እያሰረ አርሴኒኩን ሊፈታው ይችላል። ስለዚህ ከማከም በፊት መመርመር ይቀድማል።

ለጠየቁን እናት የሰጠነው ምክር ይህ ነው።

በመጀመሪያ፥ ከዚያ መሬት መመገቡ ዛሬውኑ ይቅር፤ ልጆቹም ወደ ሐኪም ቀርበው ስለ ደማቸው ምርመራ ይጠየቅ። ከዐፈሩ በፊት ልጅ ይቀድማልና።

ሁለተኛ፥ ዐፈሩ በላቦራቶሪ ይመርመር። ለማነጻጸር ያህል፥ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2024 እ.ኤ.አ. ለመኖሪያ ቦታ ዐፈር ማስጠንቀቂያ ያደረገውን የእርሳስ መጠን በኪሎ ግራም ከ400 ሚሊ ግራም ወደ 200 ዝቅ አድርጎታል።

ሦስተኛ፥ ምርመራው ከፈቀደ ከሰሉ ደቅቆ ከብስባሹ ጋር ጥቂት ሳምንታት እርጥብ ሆኖ ይቆይና ከዐፈሩ ጋር ይደባለቅ። በብዙ ጥናቶች የሚጨመረው ከሰል ከዐፈሩ ክብደት ከመቶ 1 እስከ 5 እጅ ነው። ከሰሉ ከንጹሕ እንጨት ወይም ከገለባ ይሁን፤ ቀለም ከተቀባ ጣውላ የመጣ ከሰል ሌላ መርዝ ይጨምራል። አቧራው እንዳይነሣ ዐፈሩን ውሃ አርከፍክፎ መሥራት፥ ልጆችንም ማራቅ ያስፈልጋል።

አራተኛ፥ በዚያ ቦታ ሣርና አበባ ይተከል፤ ለምግብ የሚሆነው ግን ንጹሕ ዐፈር በተሞላ ከፍ ያለ መደብ ላይ ይብቀል። ቅጠላ ቅጠልና ሥራ ሥር ከቲማቲምና ከባቄላ ይልቅ መርዙን ይይዛሉና ጥንቃቄው በእነርሱ ይበርታ።

እኚህ እናት ምክሩን ሲሰሙ፥ «እንግዲያስ ጓሮዬ ሞተ ማለት ነው?» አሉ። አልሞተም፤ ታሟል። የታመመ ሰው ሲታከም ሥራ እንደማይታዘዝ ሁሉ፥ የታመመ መሬትም እስኪታከም ምግብ አይጠየቅም። ዛሬ አበባ ብታበቅል በቂዋ ነው፤ እርሳሱንም ያስቀመጥንባት እኛ ሰዎች ነንና ልንታገሣት ይገባናል።