ዱላና ማባረር ብቻ?

«የተማሪ ጠብ በምክር አይቆምም፤ መድኃኒቱ ፖሊስና ማባረር ነው» የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። ጸሐፊው የአስተሳሰብና የባህሪ ሕክምናን «ማባበል» ብለውታል። ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ ፈረዱበት።

በቺካጎ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በዚሁ ሕክምና ላይ ተመሥርቶ ለወንድ ተማሪዎች ከሚሰጠው ሥልጠና አንዱ ልምምድ እንዲህ ነው፦ አንዱ ኳስ ይይዛል፤ ጓደኛው በ30 ሴኮንድ ውስጥ እንዲወስድበት ይታዘዛል። ይታገላሉ፣ ይጓተታሉ። ሲያበቃ አሠልጣኙ «ለምን ስጠኝ አላልከውም?» ይለዋል። አይሰጠኝም ብሎ ነዋ! ባለኳሱ ግን ቢጠየቅ ይሰጥ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ዶርም ውስጥ «ንቆኝ ነው» ብሎ ቡጢ የሚሰነዝረውም ችግሩ ይኸው ነው፤ የሌላውን ልብ ያነበበ ይመስለዋል። ሕክምናው የሚሠራው ቡጢው ከመሰንዘሩ በፊት ባለችው ቅጽበት ላይ ነው።

ማስረጃ ከተፈለገ፣ በላይቤሪያ ዋና ከተማ ሞንሮቪያ 999 ለወንጀል የተጋለጡ ወንዶች በተሳተፉበት ጥናት፣ የ8 ሳምንት የዚሁ ሕክምና ሥልጠናና 200 ዶላር ያገኙት ከ10 ዓመት በኋላም ወንጀላቸውና ጠባቸው በግማሽ ገደማ ቀንሶ ተገኝቷል። (ገንዘቡም ድርሻ እንዳለው አልክድም፤ የቺካጎው ውጤትም ሥልጠናው ሲያበቃ ተዳክሟል።)

ፖሊስ አያስፈልግም አላልኩም። በ2012 ዓ.ም. ወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሲገደሉ ሕግ ማስከበር ግድ ነበር። ፖሊስ ግን የሚደርሰው ከተፈነካከቱ በኋላ ነው፤ የተባረረውም ቁጣውን ይዞ ሰፈሩ ይገባል። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ሥልጠናውን ከአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ይጀምሩት፤ ጸሐፊውም ዳግም ከመፍረዳቸው በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ ገብተው ይዩ።