የደጋው ከተሞችና የፕላን ሊቃውንት

የከተማ ፕላንና የከተማ ንድፍ ትምህርት በአገራችን በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ ሲሰጥ ማየት፣ ይህ ጥበብ ከባሕር ማዶ ካልሆነ በቀር የማይገኝ መስሎ ይታይ የነበረበትን ዘመን ለምናስታውስ ሰዎች ታላቅ ደስታ ነው። ነገር ግን ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች የሚወጡት ወጣቶች ለመመረቂያ ጽሑፋቸው የሚመርጡት ርእስ አብዛኛውን ጊዜ የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም፣ የአዲስ አበባ ባቡር ወይም የአዲስ አበባ መልሶ ማልማት ሆኖ ሳገኘው፣ ከዋናው ከተማ ርቀው በየአምባው ጫፍ ላይ የሚያድጉትን ትንንሽ ከተሞች ማን ያስብላቸው ይሆን የሚል ጭንቀት ያድርብኛል። በዚህ ሳምንት የምጽፈውም ስለዚሁ ነገር ሲሆን፣ ለነገሬ ምስክር አድርጌ የማቀርበው በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ ላይ ያለችውን መካነ ሰላምን ነው።

መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በላይ ከ2500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ተቀምጣ፣ በአንድ ወገን ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርደውን ቆላ፣ በሌላው ወገን የደንቆሮን ጫካ የያዘውን የቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክን ትጎራበታለች፤ ስለዚህም የቆላው ማሽላና የደጋው ገብስ፣ የቆላው ፍየልና የደጋው በግ በአንድ ሜዳ ላይ የሚገናኙባት ገበያ ሆና ኖራለች። ከደሴ በአቀስታ በኩል የሚመጣው መንገድ ደረሰባት፤ ዓባይን ተሻግሮ ከጎጃሟ ጉንደወይን ጋራ የሚያገናኘው መንገድ ቀጠለባት፤ መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲም ዋናውን ግቢ በቱሉ አውሊያ አድርጎ ሁለተኛውን ግቢ በእርሷ ላይ ተከለ። መንገድና ዩኒቨርሲቲ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ የመጡባት ከተማ እንዴት እንደምትሆን የታወቀ ነው፤ የእርሻው መሬት ይሸነሸናል፣ የሚከራይ ክፍል በየጓሮው ይቀጠላል፣ ቆርቆሮው ከሣሩ ይበልጣል፣ ጎርፉም ቀድሞ ይፈስበት የነበረውን መንገድ ተነጥቆ ሌላ መንገድ ይፈልጋል።

ይህ አገር ለከተማ ሥርዓት እንግዳ እንዳልሆነ ማስታወስ ይገባል። ቤተ አምሐራ ይባል በነበረበት ዘመን ነገሥታቱ አድባራት የሚተክሉበት፣ ሊቃውንቱ ጉባኤ የሚዘረጉበት ምድር ነበር፤ በ15ኛው ምዕት ዓመት ዐፄ በእደ ማርያም ያከበሯት አትሮንሰ ማርያም በዚሁ ወገን ቆማ፣ በግራኝ አሕመድ ጦርነት በእሳት እስክትጠፋ ድረስ የነገሥታት ዐፅም ያረፈባት ደብር ነበረች፤ ተድባበ ማርያም ደግሞ በሳይንት እስከ ዛሬ አለች። እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋራ መጥቶ ስድስት ዓመት ያህል በአገራችን የቆየው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የዐፄ ልብነ ድንግልን ከተማ በዓይኑ አይቶ እንደ ጻፈው፣ ያ ሁሉ ሠራዊትና ሕዝብ በድንኳን ከስፍራ ወደ ስፍራ ሲዘዋወር፣ የንጉሡ ድንኳን፣ የአብያተ ክርስቲያናቱ ድንኳን፣ የዳኞቹ ስፍራ፣ የቀኙና የግራው ሰፈር፣ የገበያውም ሜዳ እያንዳንዱ የታወቀ አቅጣጫና ርቀት ነበረው፤ ከተማው ዛሬ ተነቅሎ ነገ ሌላ ሜዳ ላይ ሲተከል ሥርዓቱ አይናወጥም ነበር። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ የዘመተው ጦር በወረኢሉ ሲከት፣ ያን ያህል ሰውና ከብት በአንድ ደጋ ላይ ውኃና ግጦሽ ተከፋፍሎ ሊሰፍር የቻለው ይኸው ልማድ ስለ ነበረ ነው ብዬ አምናለሁ። የፕላን ተማሪዎቻችን የፓሪስን አውራ ጎዳናዎች ታሪክ ማጥናታቸውን አልነቅፍም፤ ነገር ግን አባቶቻችን ያለ ወረቀት የያዙትን የአሰፋፈር ሥርዓት እኩል ቢመረምሩት፣ በመካነ ሰላም ሜዳ ላይ ቆመው የሚያዩትን ነገር የበለጠ ያስተውሉት ነበር።

ትምህርቱ ራሱ በዓለም ላይ ዕድሜው ረጅም አይደለም። በእንግሊዝ አገር የሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ የከተማ ንድፍን ራሱን የቻለ ትምህርት አድርጎ ክፍል የከፈተለት እ.ኤ.አ. በ1909 ነው፤ በዚያ ክፍል መምህር የነበሩት ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ በ1948 ዓ.ም. ለአዲስ አበባ ፕላን አውጥተዋል። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ በ1947 ዓ.ም. የኢትዮ ስዊድን የሕንጻ ቴክኒክ ተቋም በአዲስ አበባ ተከፍቶ ነበር፤ የእርሱ ወራሽ የሆነው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕንጻና የከተማ ልማት ተቋም ዛሬ በዚህ ትምህርት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎችን ያስመርቃል። በደርግ ዘመን ብሔራዊ የከተማ ፕላን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ በ1987 ዓ.ም. የተመሠረተው የሲቪል ሰርቪስ ኮሌጅም ዩኒቨርሲቲ ከመሆኑ አስቀድሞ ከሆላንድ የሮተርዳም ተቋም ጋራ ሆኖ የከተማ አመራርን በሁለተኛ ዲግሪ ማስተማር ጀመረ። ስለዚህ የመምህር እጦት እንደ ቀድሞው ምክንያት ሊሆን አይችልም።

ሕጉም አለ። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መዋቅራዊ ፕላንን ከአካባቢ ልማት ፕላን ለይቶ፣ መዋቅራዊው ፕላን ለ10 ዓመት እንዲያገለግል፣ ሕዝቡም በዝግጅቱ ላይ እንዲመክርበት ደንግጓል። ችግሩ ያለው ወረቀቱ ከተፈረመ በኋላ ነው። ብዙ ጊዜ እንደሚታየው፣ ፕላኑን የሚያወጡት ባለሙያዎች ከሩቅ መጥተው ጥቂት ሳምንት ሰንብተው፣ መሬቱን ለክተው፣ ሕዝቡን አንድ ጊዜ በአዳራሽ ሰብስበው ይመለሳሉ፤ ካርታው ተጠናቆ እስኪመጣ ድረስ ግን ለመናኸሪያ የታሰበው ሜዳ የጨረቃ ቤት በቅሎበት፣ ለመንገድ የተተከለው ችካል ተነቅሎ ማገዶ ሆኖ ይቆያል። በማዘጋጃ ቤቱ ያለው አንድ ቀያሽ ካርታውን ማንበብ ቢችል እንኳ፣ ቦታ ፈላጊው ባለጉዳይና አለቃው በአንድነት ሲጫኑት የፕላኑን ምክንያት አስረድቶ የሚከራከርበት ዕውቀት አልተሰጠውም።

ባለፈው ክረምት ከአንድ የዚሁ አገር ተወላጅ ከሆነ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ጋራ የአንዲት የደጋ ከተማ ጭቃ ስረግጥ ያየሁትን እዚህ ላይ ላንሣ። ወጣቱ የታጠፈ ካርታውን ከፍቶ፣ በቤታቸው ደጃፍ ዱላቸውን ተመርኩዘው ለቆሙ አንድ ሽማግሌ፣ «አባባ፣ በዚህ በኩል ሰፊ መንገድ እንዲወጣ ታስቧል፤ እርስዎ ምን ይላሉ?» ብሎ ጠየቃቸው። ሽማግሌውም ካርታውን ትተው ምድሩን እያዩ፣ «ልጄ፣ መንገዱስ መልካም ነበር፤ ነሐሴ ላይ ግን ይኸ ወንዝ ነው» አሉና በዱላቸው ጫፍ የቤታቸውን ግድግዳ አሳዩት። ከመሠረቱ ድንጋይ በላይ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ፣ ጭቃው የተለጠፈበት የባሕር ዛፍ ማገር ተራቁቶ የሚታይበት አንድ ቀጥ ያለ መስመር ነበረ፤ ውኃው የደረሰበት ልክ ነው። «ይኸን ድንጋይ ታየዋለህ? ከላይ ከመቃብሩ ሥር ነው ጎርፉ ያመጣው። ሬሳ ይዘን ስንወጣ የምናልፍበትም በዚሁ ነው፤ መንገድ ስታወጡ ይኸንም ጻፈው።» ወጣቱ የግድግዳውን መስመር በሜትር ለካ፣ ጎርፉ የሚነሣበትን ጉብታ ሄዶ አየ፣ የቀብሩንም መንገድ በቀይ እርሳስ በካርታው ላይ አሰመረ። «በል አላህ ያሳድግህ» ብለው ሸኙት። እኔ በበኩሌ የከተማ ፕላን ሁለተኛ ዲግሪ የሚባለው ነገር ሲሠራ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ ያ መስመር በሳተላይት ሥዕል ላይ የለምና።

ስኮትላንዳዊው ሊቅ ፓትሪክ ጌዴስ እ.ኤ.አ. በ1914 ወደ ሕንድ ሄዶ ከተማ ከከተማ ሲዘዋወር የያዘው ሥርዓትም ከዚህ የተለየ አልነበረም። መሐንዲሶች ሰፊና ቀጥ ያለ ጎዳና ለማውጣት መንደሩን በሙሉ ማፍረስ ሲሹ፣ እርሱ አስቀድሞ በእግሩ እየዞረ ጉድጓዱን፣ ጥላውን፣ ቤተ መቅደሱን፣ ጠባቡንም መተላለፊያ ከመረመረ በኋላ፣ ሐኪም የታመመውን ብልት ብቻ ለይቶ እንደሚያክም እንዲሁ ጥቂት ቤት ብቻ ተነሥቶ ሌላው እንዲድን ይመክር ነበር። ኢንዶር በምትባለው ከተማም የበዓል ሰልፍ አዘጋጅቶ፣ ሰልፉ የሚያልፈው ነዋሪዎቹ ይበልጥ ባጸዱት ጎዳና ነው ብሎ በማስነገሩ፣ ሕዝቡ በገዛ እጁ ከተማውን ጠረገ። ለእኛ ደጋ ከተሞች ከታላላቆቹ የአውሮፓ ፕላኖች ሁሉ የዚህ ሰው ዘዴ ይቀርበናል፤ ምክንያቱም ርካሽ ነው፣ ሰውም አያፈናቅልም።

ስለ ርካሽነት ካነሣሁ ዘንዳ፣ ነገሩ የገንዘብ ጉዳይ ነው ብለው ለሚያስቡ አንባቢዎች ጥቂት ልጨምር። በአዲስ አበባ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የተያዘው የኮሪደር ልማት፣ አስቀድሞ ስፋቱ ያልተጠበቀለትን መንገድ ከኋላ ለማስፋት ስንት ቤት ማንሣት እንደሚያስፈልግ ለሁሉ አሳይቷል። በአንጻሩ ባሕር ዳር ገና ትንሽ ሳለች፣ በ1950ዎቹ ማብቂያ ግድም በማክስ ጉተር የሚመራው የጀርመን ቡድን ፕላን ስላወጣላት፣ ሰፋፊ ጎዳናዎቿ እስከ ዛሬ ድረስ ያገለግሏታል። መካነ ሰላም፣ አጅባር፣ አቀስታ፣ ከላላና ወግዲ ዛሬ ባሉበት ደረጃ ለመንገድ፣ ለፍሳሽ ማውረጃ፣ ለመናኸሪያ፣ ለቄራ፣ ለቆሻሻ መጣያና ለመቃብር የሚሆን መሬት መከለል ካሳው የጥቂት ጥማድ ገብስ ማሳ ነው፤ ከ20 ዓመት በኋላ ግን የፎቅ ካሳ ይሆናል። በዚሁ በአማራ ክልል ቡራ በተባለች ስፍራ ስዊሳዊው አርክቴክት ፍራንዝ ኦስዋልድ ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋራ ለገበሬዎች የጀመሩት፣ የዝናብ ውኃን ከጋራ ጣራ ላይ የሚያጠራቅመው የአዲስ ከተማ ሙከራም ትንሽ ከተማ ለታላቅ ሐሳብ እንደማታንስ ያስረዳል።

የተማረ ሰው በትንሽ ከተማ አይቆይም የሚለው ወቀሳ እውነትነት አለው፤ ደመወዙ አነስተኛ፣ ዕድገቱ ዝግ ነው። ስለዚህ የተማረውን ከሩቅ ከማምጣት ይልቅ ያለውን ማስተማር ይሻላል እላለሁ። በየማዘጋጃ ቤቱ ዓመታት ያገለገሉ፣ የእያንዳንዱን ይዞታ ድንበርና የእያንዳንዱን ክርክር ታሪክ በቃላቸው የሚያውቁ ቀያሾችና መሐንዲሶች አሉ፤ ከእነዚህ መካከል የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸው ተመርጠው፣ ተመልሰው እንዲያገለግሉ ውል ገብተው፣ የሁለተኛውን ዲግሪ ቢማሩ ከተማው ሊቁን አያጣም። የመመረቂያ ጽሑፋቸውም በገዛ ከተማቸው ላይ እንዲሆን፣ ጥናቱም አንድ ክረምትና አንድ በጋ እንዲያካትት ትምህርት ቤቶቹ ቢያስገድዱ፣ ማንም ተማሪ ያለ ነሐሴ ጎርፍና ያለ ሚያዝያ የውኃ እጥረት ካርታ አይሥልም ነበር። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲም በከተማዪቱ ውስጥ ግቢ ያለው እንደ መሆኑ መጠን፣ የፕላን ትምህርት ራሱ ባይከፍት እንኳ ከሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ለሚመጡ ተመራማሪዎች ማረፊያና የመለኪያ መሣሪያ በመስጠት ሊረዳ ይችላል።

የተማሪው የመመረቂያ ጽሑፍ ሲጠናቀቅ በእንግሊዝኛ ታትሞ በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ብቻ እንዲቀመጥ አልሻም። ፍሬ ሐሳቡ በአማርኛ ተጽፎ፣ ካርታው ሰፍቶ ተሥሎ፣ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ በደብር አለቆች፣ በመስጊድ ኢማሞች፣ በእድር ዳኞችና በነጋዴዎች ፊት ይነበብ፤ የሚቃወም ይቃወም፣ የሚያርም ያርም፤ ከዚያም አንዱ ቅጂ ከማኅተሙ ጋራ ከቀያሹ ጠረጴዛ አጠገብ ይቀመጥ። ለመካነ ሰላም የመጀመሪያው ጥናት ስለ ጎርፍ ማውረጃ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ቦዩ የሚያልፍበት መስመር ከታወቀ መንገዱም ሆነ የቤቱ ቦታ ወሰኑን ከእርሱ ስለሚይዝ ነው። ችካሉንም ለመትከል ከመስከረም ጀምሮ እስከ ግንቦት ድረስ በቂ ጊዜ አለ።