የሰው ወርቅ አያደምቅ

የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪዎች የምንባል እኛ፣ ስለ መንግሥት የተጻፈውን አጥንተን ለፈተና እንመልሳለን፤ መንግሥት ራሱ የጻፈውን ግን ገልጠን አናይም። በመጨረሻው ዓመት የመመረቂያ ጽሑፍ አቅርቡ ስንባል ድንጋጤ የሚይዘን ስለዚህ ነው። መጠየቅን ሳንለማመድ መልስ ጻፉ እንባላለን። ለሁለተኛ ዲግሪ ያለፈውም ወንድማችን ባዶ እጁን ይሄዳል።

መድኃኒቱ ግን ሩቅ አይደለም። በአገራችን ከ1923 ዓ.ም. እስከ 1987 ዓ.ም. አራት ሕገ መንግሥት ታውጇል፤ የመጀመሪያው 55 አንቀጽ፣ የ1948ቱ 131፣ የ1980ው 119፣ የዛሬው 106 አለው። ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ አንድ ጉዳይ፣ ለምሳሌ በጀት የማጽደቅ ሥልጣን የማን እንደ ሆነ፣ በአራቱም ተከታትለን አምስት ገጽ እንጻፍ። የተለወጠውን ያየ ሰው፣ ለምን ተለወጠ ማለቱ አይቀርም፤ መልሱንም ፍለጋ ነጋሪት ጋዜጣን ያገላብጣል፣ ወመዘክር ይወርዳል። ምርምር የሚጀመረው ከዚህ ነው።

መምህራኖቻችን ይህን ሁሉ ለማረም ጊዜ የለንም ይሉ ይሆናል፤ እውነትም አላቸው። እንግዲያስ እርስ በርሳችን እንተራረም። እኅቶችና ወንድሞች! ስለ ገዛ አገራችን የሌላውን ድምዳሜ እየተዋስን የምንኖረው እስከ መቼ ነው?