ግልጽነት በመድረክ፣ ምስጢር በመዝገብ ቤት!



የወረዳችን ምክር ቤት ተመራጭ ለመራጮቻቸው ሪፖርት ያቀርባሉ ተብለን ባለፈው እሁድ በቀበሌው አዳራሽ ተሰበሰብን። ርዕሱ «ግልጽነትና ፍትሐዊነት በወረዳችን» የሚል ነበር። ስለ ኮብልስቶን ሰማን፤ ስለ ጥቃቅንና አነስተኛ ሰማን፤ ስለ አንድ ለአምስት አደረጃጀትም ሰማን። «ግልጽነት» የማይጠራበት ገጽ አልነበረም። ጥያቄ የሚቀርብበት ተራ ሲደርስ ግን ሰዓቱ አልቆ ነበር።

ያም ሆኖ አንድ አባታችን እጃቸውን አውጥተው ቆሙ። «የመስጂዳችን የቦታ ማመልከቻ ከገባ ሦስት ዓመት አለፈው። የት ደረሰ? ማን እጅ ነው ያለው?» አሉ። ከመድረኩ የተሰጣቸው መልስ «ይህ የሃይማኖት ጉዳይ ስለሆነ የዚህ ስብሰባ አጀንዳ አይደለም» የሚል ነበር። ከዚያም አጨብጭበን እንድንበተን ተጠየቅን። አላጨበጨብንም።

እዚያ ያልተመለሰውን ጥያቄ እዚህ እንደግመዋለን። የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ለአምልኮ የሚውል ቦታ ያለ ጨረታ በምደባ ሊሰጥ እንደሚችል ይደነግጋል። ማመልከቻውን የሚቀበለው የመንግሥት መዝገብ ቤት ነው። ፋይሉን የሚያንቀሳቅሰውም፣ መሳቢያ ውስጥ የሚያስተኛውም ከእኛው ግብር ደመወዝ የሚከፈለው ሠራተኛ ነው። ታዲያ የፋይል ጥያቄ በምን ተዓምር የሃይማኖት ጉዳይ ሆነ?

ሌላም አለ። መስከረም 27 ቀን 2005 የመጅሊስ ምርጫ በቀበሌ ሲካሄድ ሁላችንም እዚሁ ነበርን። «መሪዎቻችንን በመስጂዳችን እንምረጥ» ብለን ስንጮህ የሰማን አልነበረም። ያን ቀን ቀበሌው «ይህ የሃይማኖት ጉዳይ ነው፤ አይመለከተኝም» አላለም። ያኔ መሪ ሲመረጥልን ሃይማኖታችን የቀበሌ ጉዳይ ሆኖ ነበር፤ አገልግሎት ስንጠይቅ ደግሞ የቀበሌው ሥራ የሃይማኖት ጉዳይ ይሆናል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 መንግሥትን የከለከለው በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ እንዳይገባ እንጂ ዜጋውን እንዳያገለግል አይደለም። አንቀጹ ሲፈልጉ የሚገቡበት፣ ስንፈልጋቸው የሚወጡበት በር አይደለም!

አንቀጽ 12 ደግሞ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል። ተመራጭ ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ እንደሚሆን፣ ሕዝብም እምነት ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ማንሳት እንደሚችል ይናገራል። እንግዲህ ግልጽነት ተመራጩ ደስ ሲላቸው በሪፖርት የሚያድሉን ስጦታ አይደለም፤ ዕዳቸው ነው። የማናየው ግልጽነት፣ የማይደርሰን ፍትሐዊነት «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ነው።

ስለ ፍትሐዊነትም አቋማችን የታወቀ ይሁን። ለሌላው አይሰጥ አላልንም፤ ከሌላው ይበልጥ ይሰጠን አላልንም። ተራው ለሁሉም አንድ ይሁን፣ መስፈርቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፣ የተከለከለም ለምን እንደተከለከለ ይነገረው ነው ያልነው። የክርስቲያኑ ጎረቤታችን ማመልከቻም እዚያው መዝገብ ቤት አቧራ እየጠጣ ከሆነ የእሱም ጥያቄ ጥያቄያችን ነው።

ይህ ለእኛ ለሙስሊሞች ከውጭ የመጣ ትምህርት አይደለም። ኸሊፋው ዑመር (ረዐ) ለየሰዉ አንድ አንድ ጨርቅ ከተከፋፈለ በኋላ ሰፋ ያለ ልብስ ለብሰው ሚንበር ላይ ሲወጡ ከጀማዓው አንድ ሰው ተነስቶ ትርፉን ከየት እንዳመጡት እንደጠየቃቸው ይወሳል። ዑመር «አጀንዳ አይደለም» አላሉም። ልጃቸው ተነስቶ የራሱን ድርሻ ለአባቱ እንደሰጠ መሰከረ፤ ጠያቂውም ረክቶ ተቀመጠ። የዚያን ዘመን ገዥ ስለ አንድ ጨርቅ መልስ ከሰጠ፣ የወረዳ ተመራጭ ሦስት ዓመት ስለተኛ ፋይል መልስ ለመስጠት ምን ያንሳቸዋል?

ውድ ወንድሞችና እህቶች! ይህ ሚዛን ከእኛም ይጀምር። የመስጂዳችን የሰደቃና የግንባታ ገንዘብ ገቢና ወጪ በየወሩ ተጽፎ በመግቢያው በር ላይ ይለጠፍ። ከጀማዓው የተደበቀ ደብተር ይዘን የወረዳውን መዝገብ ክፈቱ ብንል አያምርብንም።

ከዚያ በኋላ ጥያቄያችንን በጽሑፍ እናቅርብ። የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት፣ ከከለከለም ምክንያቱን በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ስለዚህ ደብዳቤያችንን በሁለት ቅጂ እናዘጋጅ፤ በቀሪው ላይ ማኅተም፣ ቀንና የገቢ ቁጥር ሳናስመታ ከመዝገብ ቤቱ አንውጣ። ቀኑን እንቁጠር። መልስ ከጠፋ ወደ ኃላፊው፣ ከዚያም ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም በቅሬታ እንሂድ። የተጻፈ ጥያቄ በጭብጨባ አይበተንም።

ለተመራጫችንም አንድ ቃል አለን። በሚቀጥለው ስብሰባ ረጅም ሪፖርት አያስፈልገንም። ያችን አንዲት ፋይል ይዘው ይምጡ፤ መቼ እንደገባች፣ ማን እንደያዛት፣ ለምን እንደቆመች ያንብቡልን። ያን ቀን ስለ ግልጽነት ምንም ባይናገሩ እንኳ ግልጽ ነበሩ ብለን እኛው እንመሰክርልዎታለን።

እስከዚያው ድረስ ግን ሰላማዊ ጥያቄያችን ይቀጥላል፣ ኢንሻአላህ!

አላሁ አክበር!