ስለማያቋርጥ የመጸዳጃ ቤት ውሃ

ሌሊት ቤቱ ሁሉ ጸጥ ካለ በኋላ ከመጸዳጃ ቤት በኩል ሽር የሚል የውሃ ድምፅ የሚሰማበት ቤት ብዙ ነው። ባለቤቱም ከሳምንት በኋላ ድምፁን ይለምደውና አይሰማውም፤ ቆጣሪው ግን ይሰማዋል።

በግምት ከምንናገር ብንቈጥረው ይሻላል። በአምስት ደቂቃ አንድ ሊትር ብቻ የሚያፈስ መጸዳጃ ቤት በሰዓት 12፥ በቀንና በሌሊት 288 ሊትር ያፈስሳል። ይህም ሃያ ሊትር በሚይዘው ጀሪካን ቢለካ ከ14 ጀሪካን በላይ ነው፤ በሠላሳ ቀን 8,640 ሊትር ይሆናል። ውሃ በተራ በሚደርስባቸው የአዳማ ሰፈሮች ደግሞ ጉዳቱ ከገንዘብ ያልፋል። በጣራ ላይ ያለው ታንከር ሌሊቱን በመጸዳጃው በኩል ተንጠፍጥፎ ያድርና፥ ጠዋት ልጆች ፊታቸውን የሚታጠቡበት ይታጣል።

ይህ ውሃ በቀላሉ የተገኘ አይደለም። እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ1960 ዓ.ም. ከተፈጸመው ከቆቃ ግድብ በታች ከአዋሽ ወንዝ ተቀድቶ፥ ተጣርቶ፥ በሞተር ኃይል ወደ ከተማው የሚገፋ ነው። «በግቢዬ ጉድጓድ አስቈፍራለሁ» የሚል ባለጸጋ ቢኖርም፥ በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ የሚባለው ማዕድን በብዙ ቦታ እንደሚበዛ ይወቅ። የዓለም ጤና ድርጅት የወሰነው ልክ በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፥ ከዚያ እጅግ ያለፈውን ለብዙ ዘመን የጠጣ ሰው ጥርሱ ይበልዛል፤ ሲብስም አጥንቱ ይጐዳል። ይህ በወንጂ የስኳር እርሻ አካባቢ በግልጽ የታየ ነገር ነው። እንግዲህ የተጣራውን የወንዝ ውሃ እያፈሰሱ በጉድጓድ መተካት የቈጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደ ጣለችው መሆን ነው።

የዕቃው አሠራር አያስፈራም። እንግሊዛዊው ሰር ጆን ሃሪንግተን በ1596 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በውሃ የሚታጠብ መጸዳጃን በጽሑፍ ከገለጸ ወዲህ ብዙ ነገር ቢሻሻልም፥ ዛሬ በየቤታችን ባለው የውሃ ሣጥን ውስጥ በተለይ የሚመለከቱን ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ሣጥኑ ሲሞላ ወደ ላይ ተነሥቶ የሚገባውን ውሃ የሚዘጋ ተንሳፋፊ ነው፤ ሁለተኛው ከሥር መውጫውን የሚደፍን የጎማ ክዳን ነው።

የትኛው እንደ ተበላሸ ለማወቅ የሣጥኑን ክዳን አንሥቶ መመልከት ነው። ውሃው ሞልቶ በመካከል በቆመው ትርፍ ማስወገጃ ቧንቧ አናት ላይ የሚፈስ ከሆነ፥ በደሉ የተንሳፋፊው ነው። በእጅ ቀስ ብሎ ከፍ ሲያደርጉት ውሃው ቢቆም፥ ከፍታውን በብሎኑ ዝቅ ማድረግ ይበቃል፤ ውሃው ከቧንቧው አናት ሁለት ወይም ሦስት ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይቁም። ከፍ ሲያደርጉትም ካልቆመ፥ ውሃ ተቋርጦ ሲመለስ የሚመጣው ደለል መግቢያውን ይዞት ይሆናል፤ ይጠረግ።

ውሃው እዚያ ሳይደርስ ድምፁ እየመጣ የሚሄድ ከሆነ የጎማው ክዳን ይመርመር። የተቀቀለ ቀይ ሥር ውሃ ወይም ወፍራም ቡና በሣጥኑ ውስጥ ጨምሮ፥ መጸዳጃውን ሳይጠቀሙ ግማሽ ሰዓት ይቆዩ። ቀለሙ በመቀመጫው ውስጥ ከታየ ክዳኑ አይገጥምም ማለት ነው። ከሣጥኑ በታች ያለውን መዝጊያ ዘግቶ፥ ውሃውን አፍስሶ፥ ጎማውንና የሚያርፍበትን ከንፈር በጨርቅ መወልወል ነው። ሰንሰለቱም አጥሮ ክዳኑን እንዳያንጠለጥለው ይታይ። ጎማው ደርቆ ከሆነ አሮጌውን በእጅ ይዞ ወደ ሱቅ መሄድ ይበጃል፤ በቃል ነግሮ የሚልክ ሰው ሁለት ጊዜ ይመላለሳል። በሣጥኑ ውስጥ በረኪና መጨመር ለንጽሕና መስሏቸው የሚያዘወትሩ አሉ፤ ጎማውን ቶሎ የሚበላው እርሱ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የውሃ ሒሳብ ሲበዛ በብዙ ቤት አስቀድሞ የምትጠየቀው ሠራተኛዪቱ ናት፤ «ልብስ ስታጥቢ ታባክኛለሽ» ተብላ ከደመወዟ የሚቀነስባትም አለች። አከራይና ተከራይም በዚሁ ነገር ይካሰሳሉ። ሰውን ከመክሰስ በፊት ማታ ቧንቧዎችን ሁሉ ዘግቶ የቆጣሪውን ቍጥር መጻፍና ጠዋት ማስተያየት ይገባል። ታንከር ያለው ቤት ግን ቆጣሪው ብቻውን አይመሰክርለትም፤ የታንከሩን መግቢያ ዘግቶ የውሃው ከፍታ በሌሊት መውረዱን ይመልከት። ፍሳሹ በጓሮ ጉድጓድ የሚጠራቀም ቤትማ፥ ይኸው ንጹሕ ውሃ ጉድጓዱን ያለ ጊዜው ሞልቶበት ለመምጠጫ መኪናም ይከፍላል።

የቧንቧ ሠራተኛ እስኪመጣ ድረስ መዝጊያውን ዘግቶ በባልዲ ማፍሰስ ይቻላል። መዝጊያውም ለዓመታት ሳይነካ ደርቆ ከሆነ በኃይል አይጠምዘዝ፤ ይሰበራልና።