«አሬስት» ሁልጊዜ ካቴና ነው እንዴ?

ባለፈው ሰሞን በእንግሊዝኛ የጽሑፍ ልምምድ ላይ አንድ ዕጩ መምህር የጓደኛውን ደብተር ሲያርም «ዘ ነርስ አሬስትድ ዘ ብሊዲንግ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በቀይ ሰርዞ «ደም አይታሰርም» ብሎ ጻፈበት። ክፍሉ ሳቀ። እኔን ግን ሳቁ አልመጣልኝም። ይህ ልጅ ነገ ገንዳ ውሃ ወይም መተማ ዮሐንስ ተመድቦ፣ በትክክል የጻፈውን ተማሪ ዜሮ ሊሰጠው ነው!

ለመሆኑ ጥፋቱ የማን ነው? የኛ የአስተማሪዎቹ ነው። «አሬስት፦ ማሰር» ብለን ሰሌዳ ላይ ጽፈን እናስገለብጣለን፤ አለቀ። በመደበኛው የጽሑፍ እንግሊዝኛ ግን ይህ ግሥ የሚፈታው ከተሳቢው ጋር ነው። ተሳቢው ወንጀለኛ ከሆነ ማሰር፤ በሽታ፣ የአፈር መሸርሸር፣ ደም ወይም ውሃ ከሆነ ግን መግታት፣ ማስቆም ይሆናል። ተሳቢውንም ያለ መስተዋድድ ይወስዳል፤ «አሬስት ኦፍ» እያላችሁ የምትጽፉ ልብ በሉ።

ማስረጃው ሩቅ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዙ መልእክተኛ ጆን ሃሪንግተን ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተፈራረሙት፣ የሱዳንን ወሰን የደነገገው ውል በ3ኛው አንቀጹ ይህንኑ ግሥ ይዟል። ንጉሠ ነገሥቱ በጥቁር ዓባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ፣ ስምምነት ሳይደረግ የውሃውን ፍሰት «አሬስት» የሚያደርግ ሥራ ላለመሥራት ቃል ገቡ ይላል። (የመተማው ጓንግ በስም አልተጠራም፤ ይህን የጂኦግራፊ መምህራን ያብራሩልን።) ታዲያ የአማርኛው ጸሐፊ ምን አለ? ማሰር አላለም፤ ወንዙን ከዳር እስከ ዳር ስለሚደፍን ሥራ ጻፈ። ግሡን ከነወንዙ አየው ማለት ነው። መድፈንና መቀነስ ደግሞ አንድ አይደሉም። ኢትዮጵያውያን ምሁራን «ውሉ የከለከለው ፈጽሞ ማቆምን እንጂ በውሃው መጠቀምን አይደለም» ብለው የተከራከሩት በዚሁ አንድ ግሥ ላይ ቆመው ነው።

አንዳንድ ባልደረቦቼ «ቆላ ወርዶ ለሚያስተምር ‹ስቶፕ› ይበቃዋል» ይሉኛል። ለጓደኛ ደብዳቤ አዎ፣ ይበቃል። የውል፣ የሕክምናና የእርሻ ጽሑፍ ለሚያነብ ተማሪ ግን አይበቃም። የቆላው ልጅ እኮ ቤት አማርኛ ወይም ጉሙዝኛ፣ ገበያ ዐረብኛ እየሰማ ያደገ ነው፤ አንድ ቃል እንደ ቦታው እንደሚለዋወጥ ከኛ ይበልጥ ያውቃል።

በበኩሌ ከሰኞ ጀምሮ ብቻውን የቆመ ግሥ ሰሌዳ ላይ አልጽፍም። ለተሰረዘበት ልጅ ነጥቡን መልሼለታለሁ፤ አራሚው ደግሞ በዚሁ ግሥ አምስት ዓረፍተ ነገር ጽፎ ያምጣልኝ፣ ፖሊስ የሌለበት።